የከሚሴን ሰማይ ትኩሳት ስለካ

«ዘንድሮስ ሙቀቱ ባሰ!» የማይል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አልገጠመኝም። ያው ሰው አምናም ብሏል፤ ካቻምናም ብሏል። በየዓመቱ እሱ እንዳለው ቢብስ ኖሮ እስካሁን ተቀቅለን ባለቅን ነበር። የዝናቡም ወሬ እንደዚያው ነው። «እኛ ልጅ ሳለን ዝናቡ እንዲህ አልነበረም» የማይል ሽማግሌ ካያችሁ፣ ያ ሰው ወይ ልጅ ሆኖ አያውቅም፣ ወይ ገና አልሸመገለም። ስለ ሰማይ ሲወራ ማስረጃ የሚጠይቅ የለም። ደግሞስ ሰማይ መጥቶ «ስሜን አጠፋችሁ» ብሎ አይከስ!

እኔን ግን ማስረጃ ጠየቁኝ። አዎ፣ እኔን! «የከሚሴ ሰማይ በርግጥ ይሞቃል ወይስ ሰዉ ነው የሚያማርረው? እስቲ ለካና አሳውቀን» ብለው ሾሙኝ። ጉዱ የመጣው ከዚያ ነው።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ከሚሴ ያኔ በመንገድ ግራና ቀኝ የተደረደረች ትንሽ ከተማ ነበረች። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፈው አውቶቡስ ቆም ይልባታል። ተሳፋሪው ይወርድና ላቡን እየጠረገ፣ «ኡፍ! እዚህ እንዴት ትኖራላችሁ?» ይለናል። መልሳችንን ሳይሰማ ይሄዳል። እኔ በክሊኒኩ ድሬሰር ነበርኩ። ድሬሰር ማለት ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ትኩሳት የሚለካ ማለት ነው። ሕዝቡ ግን «ሐኪም» ይለኝ ነበር። እኔም አላረምኳቸውም። ሹመት ራሱ ሲመጣ ማን ይመልሳል?

አንድ ቀን አንዲት የመንግሥት ጂፕ ክሊኒኩ ግቢ ገብታ ቆመች። ከውስጧ ቀጠን ያለ፣ ባለመነጽር ወጣት ወረደ። የአየር ጠባይ ባለሙያ ነኝ አለ። ስሙን ነግሮን ነበር፤ እኛ ግን «ባለመነጽሩ» አልነውና በዚያው ቀረ። ጭኖ የመጣውን ዕቃ ግቢው መሀል አስተከለ። አንደኛው በአራት እግር የቆመ ነጭ ሳጥን ነው፤ ውስጡ የሙቀት መለኪያ ተሰቅሏል። ሁለተኛው አፉ ሰፊ፣ ሆዱ ጠርሙስ የያዘ ጣሳ ነው፤ ሥራው አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ ዝናብ መጠበቅ ነው። ለካስ ዝናብ በመጠበቅ ሥራ ይገኛል! የጨፋ ሜዳ ገበሬ ሁሉ እኮ ዕድሜውን የሠራው ይኼንኑ ነው።

ባለመነጽሩ በትዕግሥት አስረዳኝ። ሰማይ አንድ ነው አለኝ። በየአገሩ እንዲህ ያለ ጣሳ ተተክሏል፤ በየጠዋቱ ይለካል፤ የተለካው ይሰበሰባል፤ የከሚሴውን አንተ ለክተህ ለአዲስ አበባ ትልካለህ አለኝ። ዓመታት ሲያልፉ ዓለም እየሞቀች ይሁን እየቀዘቀዘች፣ ድርቁና ጎርፉ እየበረታ ይሁን እየለዘበ ያኔ ይታወቃል። ሲናገር ዓይኑ ያበራ ነበር። እኔም ደረቴ ተነፋ። ከሚሴን ከዓለም ጋር አብሮ የቆጠራት ሰው እስከዚያ ቀን አላየሁማ!

ሕዝቡስ ምን አለ አትሉም? ነጩን ሳጥን ያየ ሁሉ ቀፎ መሰለው። «ሐኪም፣ ንቡ መቼ ይገባል?» ይሉኛል። ከዝንብ ማር አይጠበቅም ይባላል፤ ከኔ ሳጥን ግን ተጠበቀ። የሙቀት መለኪያውን ያዩት ደግሞ የባሰ ነገር አመጡ። እኔ በመስታወት ዘንግ የበሽተኛ ትኩሳት ስለካ ያውቁኛል። አሁን ለሰማዩም ዘንግ ሰቀልኩ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? «ሰማዩን ወባ ይዞታል» ተባለና ወሬው ሰንበቴ ገበያ ድረስ ዘለቀ።

ጣሳውን ከሁሉ በላይ የወደደችው እትዬ ዘሀራ ናት። እትዬ ዘሀራን ላስተዋውቃችሁ። ከከተማው በታች፣ ጨፋ ዳር፣ ከቦርከና ወንዝ አቅራቢያ ከባሏ ከአያ ይማም ጋር የምትኖር ገበሬ ናት። አንዲት ላም አለቻት፤ በየጠዋቱ ወተት ታመጣልኝ ነበር። ረጅም ናት። የፊት ጥርሷ አንዱ ወልቋል፤ ስትስቅ ግን አፏን አትሸፍንም። «የወለቀው አንድ፣ የቀረው ስንት! ለቀሩት ስል እስቃለሁ» ትላለች። ወተቱን ትሰጠኝና በቀጥታ ወደ ጣሳው ትሄዳለች። ጎንበስ ብላ በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ?» ትለዋለች፤ እንዴት አደርክ ማለቷ ነው። ከዚያ ጆሮዋን ታስጠጋለች። «ምን አለሽ?» እላታለሁ። «አልሐምዱሊላህ አለኝ። ከአንተ ይሻላል፣ አንተ ሰላምታ የምትመልሰው ወተቱን ካየህ በኋላ ነው።»

ባሏ አያ ይማም የሷ ተቃራኒ ነው። ቃልን እንደ ዘር የሚቆጥብ ሰው። እሷ ለሁለቱም ስለምትናገር እሱ ለሁለቱም ዝም ይላል። ሴት ልጃቸውን ባቲ ድረዋል። ቤት የቀሩት እነሱ፣ ላሟና ጥጃዋ፣ ደግሞም ሁለት በሬዎች ናቸው፤ ቡሬና ዳልቻ። አያ ይማም ቃል ካወጣ የሚያወጣው ለዳልቻ ነው ይሉታል። እውነት ነው። ሲያርስ በሩቁ ሰምቼዋለሁ፤ ልክ እንደ ወንድሙ ነበር የሚያዋራው።

መጀመሪያ የበልጉ ዝናብ ቀረ። «የበልግ ነገር» አልንና አለፍነው። ማሽላ የዘራ ዘርቶ ጠበቀ። ማሽላው በቀለ፣ ጠወለገ፣ ደረቀ። ገበሬው ገልብጦ ጤፍ ዘራ። ሐምሌ ገባ። በሐምሌ ሰማይ ጥቁር ይለብሳል አይደል? የዚያ ዓመት ሰማይ ግን ልብሱን አውልቆ ተቀመጠ። ከቆላ የሚነሳ ትኩስ ነፋስ አቧራውን እየነዳ መጥቶ ክሊኒኩን ይሞላዋል። እኔም በየጠዋቱ ጣሳውን እከፍታለሁ። ባዶ ነው። ባዶ ብዬ ምን ልጻፍ? ዝም ብዬ አለፍኩት። ከወር በኋላ ባለመነጽሩ በሾፌር ቃል ላከብኝ። «ዝናብ ባይኖርም ዜሮ ብለህ ጻፍ። ዜሮም ሥራ ነው!»

ዜሮም ሥራ ነው! ለአያ ይማም ብነግረው ምን ይለኝ ይሆን እያልኩ ብቻዬን ሳቅሁ። ያኔ ገና ሳቅ ነበረኝ።

እትዬ ዘሀራ ወተት ማምጣቷን አላቆመችም፤ ወተቱ ነው ራሱ እየቀነሰ የሄደው። በመጨረሻ ባዶ እጇን መጣች። «ላሟ የምታጠባው ጥጃ አላት፤ አንተን አስቀድሚልኝ አልላት» አለችኝ። ጣሳውን ግን ሳታየው አልሄደችም። ውስጡን አየችና፣ «ሚስኪን! ይኼም እንደኛ ጾም ይዟል» አለች። ሲሉ ሰምታችኋል፣ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። የኛ ነገር እንደዚያ ሆነ።

አፋሮች ከብታቸውንና ግመላቸውን ነድተው ከወትሮው ቀድመው ወደ ጨፋ ወጡ። ሌላ ጊዜ ጨፋ እርጥብ ነው፤ ረግረጉ ሳር አያጣም። ያን ዓመት ቦርከናም ደረቀ፣ ረግረጉ ራሱ ተሰነጣጠቀ። ባለአገሩና እንግዳው በአንድ ኩሬ ዙሪያ ቆመው ይተያዩ ነበር። ጠብ ሊነሳ ነው ብለን ፈራን። አልተነሳም። ለጠብም አቅም ያስፈልጋል ለካ።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ አያ ይማም ክሊኒኩ መጣ። አልታመመም። ነጩ ሳጥን ፊት ለፊት ቆመ።

«ስንት ነው?» አለኝ።

ነገርኩት።

«ለሰው ቢሆን?»

«ለሰው ቢሆን ኖሮማ አስተኝቼ ኪኒን እሰጠው ነበር፣ አያ ይማም።»

«እንግዲያ ስጠው» አለና ዞሮ ሄደ። እንዳልስቅ ፊቱ ከለከለኝ፤ ዝም እንዳልልም ንግግሩ። ለምን እንደመጣ የገባኝ ማግስቱን ነው፤ ለካስ ዳልቻ በሙቀቱ ደክሞበት ኖሯል። በሬውን ዳልቻን ከቤቱ ራቅ ወዳለው ኩሬ ሲነዳው በሬው መንገድ ላይ ተንበረከከ። ውሃው ከፊት ይታያል። አያ ይማም በቅል ሊያመጣለት ሮጠ። ሲመለስ ዳልቻ ምላሱን አፈሩ ላይ ዘርግቶ አልፏል። የአላህ ስም ተጠርቶበት ሳይታረድ ስለሞተ ሥጋውም አልተበላም። አያ ይማም በቅል ያመጣውን ውሃ አፉ ላይ አፈሰሰለት። ያዩ ሰዎች «ውሃ እንዲህ በሚወደድበት ጊዜ!» ብለው አላሙትም። ዞር አሉለት።

ከዚያ የዝናብ ሶላት ተጠራ። ዋዜማውን ሽማግሎች ከከተማው ሸኽ ጋር ወደ እኔ መጡ። ሐሳብ ገብቷቸዋል። ጣሳው አፉን ከፍቶ ቀንና ሌሊት ወደ ሰማይ ያያል፤ ከኛ ቀድሞ እየለመነ ሰማዩን አስቆጥቶት እንዳይሆን ንቀለው አሉኝ። የመንግሥት ዕቃ ነው፣ አልችልም አልኳቸው። ነገሩ ሲካረር እትዬ ዘሀራ ከበሽተኞቹ መሀል ተነሳች።

«አባቶቼ፣ ለማኝ ነው ወይ የሚያስቆጣው? እኛስ ነገ ልንለምን አይደል የምንሄደው? ተዉት! ይኼ ምስኪን ጣሳ ደጅ ሲጠና ከከረመ ከኛ ሁሉ እሱ ይሰማ ይሆናል።»

ሸኹ ሳቁ። ሽማግሎቹም እሳቸውን አይተው ሳቁ። ጣሳው ተረፈ።

ሶላቱ የተሰገደው ከከተማው ውጭ፣ አቧራማ ሜዳ ላይ ነው። ሸኹ እንደ ሶላቱ ደንብ ኩታቸውን ገልብጠው ለበሱ። ሰዉ መዳፉን ዘረጋ። ጥጆቹን ከእናቶቻቸው ለይተው ወዲያና ወዲህ አቆሟቸው፤ የነሱ እምቧታ ከሰው ዱዓ ቀድሞ ይደርሳል ይባላል። ሜዳው በለቅሶ ተናወጠ። የእትዬ ዘሀራ ጥጃ ግን ድምፅ አልነበረውም። አፉን ከፍቶ ይዘጋል እንጂ ምንም አይወጣውም። እሷ አንገቱን አቅፋ በሱ ፋንታ ታለቅስ ነበር። ከዚያ ቀን በፊት ስታለቅስ አይቻት አላውቅም።

ዝናቡስ መጣ? አልመጣም። አያ ይማም በዚያ ሰሞን ሲያገኘኝ ሰላምታውን ሁሉ አሳጥሮ «ሮብኒ ሂንጂሩ» ይለኛል፤ ዝናብ የለም። እኔም «የለም» እለዋለሁ። ይኼው ነበር ወሬያችን።

መጣ ደግሞ! መቼ መጣ? ክረምቱ ጓዙን ጠቅልሎ ሊወጣ ሲል። አንድ ጠዋት ከላይ ከደሴ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ከሚሴ እንዳለች ደጅ ወጣች። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች አቧራው ላይ ሲያርፉ የወጣው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። እትዬ ዘሀራ በዝናቡ ውስጥ ከጨፋ ድረስ መጣች። ሻሿ ፀጉሯ ላይ ተጣብቋል። ጣሳው አጠገብ ቆማ እልል አለች። «አላልኳችሁም? ይሰማለታል አላልኳችሁም?» እያለች በክሊኒኩ ያሉትን በሽተኞች አስጨበጨበቻቸው። ወባ የያዘው ሁሉ እየተንቀጠቀጠ አጨበጨበ። አያ ይማም በዚያው ሳምንት ቡሬን ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅቶ ሽንብራ ሊዘራ ወጣ። ፈጣሪ ሳይደግስ አይጣላም አልን።

ዝናቡ ግን ማቆም ረሳ። ዘነበ፣ ዘነበ። ጣሳው ሞልቶ ፈሰሰ። ሚሊሜትሩን የምለካበት ባለመስመር ብርጭቆ አልበቃ ብሎኝ ደጋግሜ ስቀዳ፣ ስቀዳ ሌላው ይሞላል። ድርቅ እንደ ድንጋይ ያደረገው መሬት ውሃውን አልጠጣም አለ። እያሳሳቀ እንደ ውሃ ይወስዳል ሲባል ለሰው ጠባይ የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ለራሱ ለውሃም ነው።

ቦርከና የሞላው በጠራራ ቀን ነው። ያኔ ከሚሴ ላይ እንዲያውም አባርቶ ነበር፤ ጎርፉ የመጣው ከላይ፣ ከኮምቦልቻ በኩል ነው። ጩኸት ሰምተን ወደ ታች ሮጥን። ስንደርስ ጨፋ ባሕር ሆኗል። አያ ይማም ከወንዙ ማዶ ከፍ ካለው እርሻ ላይ ከበሬዎቹ ጋር ቆሟል፤ መሻገር አይችልም። እትዬ ዘሀራ ከጎረቤቶቿ ጋር ወጥታ ጉብታው ላይ ደርሳ ነበር። ተርፋ ነበር እኮ! ላሟም ቀድማ ወጥታለች። ጥጃው ግን ቤቱ ጎን እንደታሰረ ቀርቷል። ያ ድምፅ አልባ ጥጃ ያን ዕለት ድምፅ አገኘ። ጮኸ።

ጎረቤቶቿ «ዘሀራ፣ ይቅርብሽ!» ብለው ነጠላዋን ያዙ።

«እያየኝ?» አለች። ነጠላዋን ትታላቸው ሄደች።

ውሃው ወገቧ ላይ ደርሷል። ገመዱ ረጥቦ አልፈታ ብሏታል መሰለኝ፣ በዚያችው አንድ ጥርሷ በጎደለ አፏ ጎንበስ ብላ ስትነክሰው ከጉብታው ላይ ሆነን አየናት። ተፈታ። ጥጃውን ከኋላው ገፋችው። እሱ እየዋኘ ወጣ። ከዚያ አንድ ትልቅ የጎርፍ ግንድ እየተንከባለለ መጣና፣ ዘሀራ የነበረችበት ቦታ ውሃ ብቻ ሆነ። ማዶ ያለው አያ ይማም እጁን ዘርግቶ እንደቆመ ቀረ። 

ያገኟት አፋሮች ናቸው፤ ውሃው ጎደል ሲል፣ ወደ ታች ርቆ። ከመሀላቸው አንዱ አዲስ ሽርጡን ፈትቶ ጠቅልሏታል። በግመል ጭነው አመጧት። «ተቀመጡ፣ እህል ቅመሱ» ብንላቸው እንቢ አሉ። ከኛ ጋር ቆመው ሰገዱባትና ሄዱ። መቃብሯ ሲቆፈር ውሃ እያቆረ አስቸገረ። ሰዉ በቅልም በጣሳም እየቀዳ ያፈሳል፤ መልሶ ይሞላል። አያ ይማም ቅሉን ከሰው እጅ ተቀብሎ ብቻውን መቅዳት ጀመረ። ማንም «ተው» አላለውም።

እኔስ? እኔ በማግስቱ ጠዋት ተነስቼ ለካሁ። ምን ላድርግ? ሥራዬ ነበር።

ዝናቡ ከቆመና መንገዱ ከተጠገነ በኋላ ባለመነጽሩ በጂፑ መጣ። መሣሪያዎቹን አየ፣ ነጩን ሳጥን በጨርቅ ወለወለ፣ ጣሳውን ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ ጥላ ስር ተቀምጦ የዓመቱን ልኬት ደመረ፣ አካፈለ። ሲጨርስ ፊቱ በራ። «የከሚሴ ዝናብ ዘንድሮ ደህና ነው፤ ሙቀቱም ቢሆን ከሚጠበቀው ብዙ አልራቀም» አለኝ። «በአማካይ ምንም አልሆናችሁም።»

ሰውዬው ክፉ አይደለም። አውቃለሁ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ ድርቁን፣ ጎርፉን፣ እትዬ ዘሀራን። ባርኔጣውን አወለቀ። «እነዚህን ቀናት ለብቻ የሚያሳይ ቦታ አሁን የለንም» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዓለም የምትሰበስበው የዓመቱን ነው። ወደፊት ይታሰብበት ይሆናል።» ወደፊት! በሱ ቤት ማጽናናቱ ነበር።

ጂፗ ከወጣች በኋላ ዞር ስል አያ ይማም የክሊኒኩ ደፍ ላይ ተቀምጧል። ወባ ይዞት ኪኒን ሊወስድ መጥቶ ሁሉንም ሰምቷል።

«አማካይ ያለው ምንድነው?» አለኝ።

እንዴት አድርጌ ላስረዳው? ያልዘነበበትንና ልክ ያጣበትን ወራት አንድ ላይ ይደምሩታል አልኩት። ከዚያ ለሁሉም እኩል ያካፍሉታል፤ ያኔ የበዛው የጎደለውን ይሞላል፣ ዓመቱም ደህና ይመስላል።

 ትኩሳቱ ያንቀጠቅጠዋል። ኪኒኑን ላመጣ ስነሳ እጄን ያዘኝ።

«ዳልቻ በጥም ሞተ» አለ። «ዘሀራ በውሃ ሞተች። ሁለቱን ደምረው፣ ለሁለት አካፍለው፣ ‹ደህና አድርገው ጠጥተዋል› አሉ በለኛ!»

አያ ይማም እንዲህ ረጅም ነገር ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ለአዲስ አበባ ሰዎች ግን አልላክሁላቸውም። ሚሊሜትር የለውማ።